ፍልጡ ምን አለ?

ባለፈው ጥር ቤቴል የምትኖር የትምህርት ቤት ጓደኛዬን ልጠይቅ ስሄድ፣ ከቤቷ ፊት ለፊት ፎቅ የሚሠራበት አንድ ግቢ በር ላይ እግሬ ቆመ። ያቆመኝ ሽታ ነው። ለመወጣጫ የመጣ አዲስ ባህር ዛፍ ልጡ ተገፎ መንገድ ዳር ተጋድሟል። ያ ጉንፋን የያዘውን አፍንጫ ሳይቀር የሚከፍት ሽታው ሰፈሩን ሞልቶታል። አላስችል ብሎኝ ሁለት ቁራጭ አነሳሁና ጆሮዬ ሥር አድርጌ አጋጨኋቸው። ዱብ አሉ። እርጥብ ናቸው።

«እትዬ፣ ምን ጠፍቶብዎት ነው?» አለኝ የግቢው ዘበኛ፣ ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ የደፋ ሰውዬ።

«እንጨቱ ደርቆ እንደሆነ እያየሁ ነው።»

«በጆሮዎ?»

ቁራጮቹን ቀስ አድርጌ መሬት አስቀመጥኩና መንገዴን ቀጠልኩ። ስለ አባባ ወርቁ ላስረዳው ብል ጨርሶ ለይቶላታል ማለቱ አይቀርም ነበር።

አባባ ወርቁ የእናቴ አጎት ናቸው። ያሳደጓት እሳቸው ስለሆኑ እሷም «አባባ» ትላቸዋለች፤ እኛም ከእሷ ተቀብለን አባባ አልናቸው። ኮልፌ ከነበረው የጭቃ ቤታችን አንዷ ክፍል የእሳቸው ነበረች። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የአንድ የጣውላ መጋዘን ዘበኛ ስለነበሩ፣ ሃያ ዓመት እንጨት ሲጠብቅ የኖረ ሰው ስለ እንጨት የማያውቀው ነገር ሊኖር አይችልም ብለው ያምናሉ። እኛም እናምናለን። ይጠብቁት የነበረው ከሌባ መሆኑ ትዝ ያለኝ ካደግሁ በኋላ ነው።

ዘመኑ የመሠረተ ትምህርት ዘመን ነው። ስኳር በካርድ ከቀበሌ ሱቅ የሚገኝበት፣ ሰው ሁሉ ጓድ የሆነበት። አባባም ማታ ማታ መሠረተ ትምህርት ይማራሉ። እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፣ ሦስተኛ ክፍል። እማዬ ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ልጁ የሚወለደው ደግሞ በሐምሌ መጨረሻ ነው፣ ኮልፌ ከዳር እስከ ዳር ጭቃ ሆኖ ብርዱ አጥንት በሚሰብርበት ጊዜ። አራስ ቤት እሳት ይፈልጋል። አባባ ወርቁም ያን ዓመት ከጥር ጀምሮ ስለ ሌላ ነገር አላወሩም።

ምክንያት ነበራቸው። ከዚያ ሦስት ዓመት በፊት ታናሽ ወንድሜ ዳዊት ሲወለድ ማገዶ የገዙት እሳቸው ነበሩ። እማዬ ምጥ ሊይዛት ሁለት ቀን ሲቀራት ከአህያ ነጂ ያገኙትን አምጥተው አራገፉ። እንጨቱ ከተቆረጠ ሳምንት አልሞላውም። ሲለኩሱት ከጫፉ ውሃ እየተንፈቀፈቀ ቤቱን በጭስ ሞላው። አዋላጇ እትዬ ዘርፌና ሁለት ጎረቤቶች አየር ሊያገኙ ዓይናቸውን በነጠላ ይዘው፣ እንባቸው እየወረደ ደጅ ወጡ። ይህን በአጥር ላይ ያዩ የላይ ሰፈር ሰዎች ሌላ ምን ይገምቱ? «ኧረ ዋይ! ኧረ እቴን!» ተጀመረ። የእድር ሰዎች ነገሩን ሳያጣሩ ድንኳን ተሸክመው መጡ። ሁለት ካስማ ተተክሎ ሦስተኛው ሲመታ ዳዊት ከውስጥ ጮኸ። ድንኳኑ ተጠቅልሎ ሲመለስ አንድ የእድሩ ሽማግሌ «እንዲያው በከንቱ ደከምን» ብለዋል ይባላል። ወንድሜን ሰፈሩ ጭሱ ብሎ አወጣለት፤ ኮልፌ ከሄደ ዛሬም ጭሱ ነው።

አባባ ያን ቀን አፍረው ሁለት ቀን እህል አልቀመሱም። «ሁለተኛ እርጥብ እንጨት እዚህ ቤት ከገባ ወርቁ አይደለሁም!» አሉ። እትዬ ዘርፌ ግን አልማረቻቸውም። በራችንን ባለፈች ቁጥር «ጋሽ ወርቁ፣ ድንኳኑ እንዴት ነው?» ትላቸዋለች። ሦስት ዓመት ሙሉ።

አባዬ አንዴ «በከሰል ብናሞቅስ?» ብሎ ነበር። አባባ ከሰል ተንኮለኛ ነው፣ ጭስ እንኳ ሳያሳይ ነው ሰው የሚገድለው ብለው ዘጉት። አባዬ የሽመና ፋብሪካ ፈረቃ ሠራተኛ ነው፤ ከእሳቸው ጋር ለመከራከር የሚተርፈው ጉልበት አልነበረውም።

ስለዚህ በጥር አሥር የአህያ ጭነት ባህር ዛፍ መጣ። ፈላጭ ተቀጥሮ እያንዳንዱን ግንድ አራት ቦታ ፈለጠው። ልጡን አባባ ራሳቸው በቢላዋ እየገፈፉ ጣሉት። ለምን እንደሆነ ብጠይቃቸው «አንቺ ካፖርት ለብሰሽ ፀሐይ ላይ ብትሰጪ ትደርቂያለሽ?» አሉኝ። ከታች ድንጋይ ተደረደረ፤ በላዩ ፍልጡ አንዱ ረድፍ ወዲህ አንዱ ረድፍ ወዲያ እየተመሳቀለ፣ ንፋስ በመሐሉ እንዲያልፍ ተከመረ። የእኔ ሥራ እሁድ እሁድ የላዩን ወደ ታች፣ የታቹን ወደ ላይ ማዟዟር ነበር። የበልጉ ዝናብ ሲመጣ ላስቲክ ማልበስ፣ ሲያባራ መግፈፍም የእኔ ነው። እጄ ላይ ያልገባ ስንጥር የለም።

ክምሩ ከአጥሩ በላይ ስለወጣ ሰፈሩ ሁሉ ያወራ ጀመር። አንድ ቀን ከቀበሌ አንድ ደብተር የያዘ ሰው መጥቶ ከአባባ ጀርባ ቆመ።

«ጓድ ወርቁ፣ ይሄ ሁሉ ማገዶ ምንድን ነው? ሕዝብ በሚቸገርበት ጊዜ ማከማቸት አሻጥር መሆኑን አያውቁም?»

አባባ መልስ አልሰጡትም። ዘወር ሲሉ አዩትና ሁለት ፍልጥ አንስተው ጆሮው ሥር አጋጩበት። ሰውየው ክው አለ።

«ሰማህ?» አሉት። «ገና ነው።»

ሰውየው ትንሽ አሰበ፣ ደብተሩ ላይ የሆነ ነገር ጻፈና ወጣ። ለቀበሌ ሰው መልስ የማይሰጥ ጀግና ቤታችን እንዳለ በማግስቱ ለክፍሌ ልጆች በሙሉ አወራሁ።

ፍልጥ የማጋጨቱ ነገር የአባባ ዋና ጥበብ ነበር። የደረቀ ፍልጥ ከሌላ ፍልጥ ጋር ሲጋጭ ቋ ይላል፤ እርጥቡ ዱብ ይላል። ግንቦት ሲገባ ፈተናው ተጀመረ። አባባ በርጩማ ላይ ይቀመጣሉ፣ እኔ ፊት ለፊታቸው እቆማለሁ። ያጋጩና ዓይን ዓይኔን እያዩ ይጠይቁኛል።

«ምን አለ?»

«ቋ!»

«ጎሽ! ይሄስ?»

«ዱብ!»

«ጎሽ! የእኔ ልጅ!»

አንድ ቀን እንኳ ተሳስቼ አላውቅም። ትምህርት ቤት ከሃምሳ ልጅ አርባኛ የምወጣ ሰው ነኝ፤ በሒሳብ ክፍል አስተማሪያችን ስሜን የሚጠሩት ሌላው እንዲስቅ ነው። አባባ ፊት ግን ያልኩት ሁሉ ልክ ነው። ስለዚህ የተለየ ስጦታ እንዳለኝ ደመደምኩና ያገኘሁትን ሁሉ ማንኳኳት ጀመርኩ። የክፍላችንን በር አንኳኳሁ፣ ደርቋል። ዱባ አንኳኳሁ። የጭሱን ጭንቅላት አንኳኩቼ ዱብ ስላለ ለእማዬ እርጥብ መሆኑን ነገርኳት። አንድ ከሰዓት ደግሞ እሷ ራሷ ጋደም ባለችበት ሆዷን በጣቴ አንጓ ቀስ አድርጌ መታ መታ አደረግሁት።

«ምን እያደረግሽ ነው፣ ሰብለ?»

«ዱብ ነው የሚለው። ገና ነው።»

«ጭራሽ እኔንም ፍልጥ አደረግሽኝ?» ብላ እስኪያማት ሳቀች።

ሰኔ ተጋመሰና ደመናው ዝቅ አለ። አሁን የደረቀው ሁሉ ተለይቶ ወደ ማገዶ ቤት መግባት አለበት። ማገዶ ቤት የምንላት ከቤቱ ጀርባ፣ ከጣራው ክንፍ ሥር በአሮጌ ቆርቆሮ የታጠረች ጠባብ ነገር ናት። ቋ ያለው ይገባል። ዱብ ያለው ወደ ውጭው ክምር ይመለስና፣ ጧት ጧት ብልጭ በምትለው ፀሐይ እንደገና ሲገላበጥ ይሰነብታል። የሚያገላብጠው ማን እንደሆነ መናገር አያስፈልግም።

ሁለት ቀን በሐቅ ሠራሁ። በሦስተኛው ቀን ጓደኛዬ አስቴር በር ላይ ሰኞ ማክሰኞ አሥምራ «ሰብለ! ተራሽ ሊያልፍ ነው!» እያለች ትጣራ ጀመር። ከክምሩ ገና ሲሶው ቀርቷል። አባባ አጋጩ። ዱብ አለ፣ ጥርት ያለ ዱብ።

«ምን አለ?»

«ቋ» አልኩ።

ቁጣቸውን ጠበቅሁ።

«ጎሽ!» አሉና ፍልጡን ወደ ማገዶ ቤቱ ወረወሩት።

ከዚያ በኋላ ምን ያግደኛል? ቋ፣ ቋ፣ ቋ። እሳቸውም ጎሽ፣ ጎሽ፣ ጎሽ። የቀረውን ሁሉ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጨረስን። አባባ በሩን በቁልፍ ቆልፈው ቁልፉን አንገታቸው ላይ አሰሩና «ዘንድሮ ዘርፌ ጉዷን ታያለች» አሉ። እኔ ሮጬ ሰኞ ማክሰኞዬን ተጫወትኩ። አሸነፍኩም።

ነገሩ የገባኝ ከሳምንት በኋላ ነው። አባባ ለመንገዱ ጀርባቸውን ሰጥተው በራችን ላይ ተቀምጠው ጋቢያቸው ላይ የተጣበቀ ጭቃ በጥፍራቸው እየፋቁ ነበር። ድምፅ ማጉያ የጫነች የቀበሌ መኪና መጣችና ከኋላቸው ቆማ ስብሰባ መኖሩን አወጀች። ዶሮዎቹ ተበተኑ። የጎረቤት ውሻ አበደ። ጭሱ ደንግጦ በቂጡ ተቀመጠ። አባባ ጭቃቸውን ይፍቃሉ።

ሄጄ ከማድቤት ሁለት ፍልጥ አመጣሁና ከጀርባቸው ቆሜ ባለ በሌለ ኃይሌ አጋጨሁ። ምንም የለም። ጥላዬን አይተው ነው ዞር ያሉት።

«ኧረ አንቺ ነሽ?» አሉ ፈገግ ብለው።

ሁሉም ነገር በአንዴ ተገለጠልኝ። ለቀበሌው ሰው መልስ ያልሰጡት ጀግና ሆነው አልነበረም። መሠረተ ትምህርት ጣቢያ ፊተኛው ወንበር ላይ ተቀምጠው የአስተማሪዋን አፍ ትክ ብለው የሚያዩት ጎበዝ ተማሪ ስለሆኑ አልነበረም። እኔም ጎበዝ አልነበርኩም። ጆሮ ነበርኩ። አባባ በእኔ ጆሮ ሲሰሙ ከርመዋል፤ እኔ ደግሞ ለሰኞ ማክሰኞ ብዬ ሸጥኳቸው። ማታ እራት አልበላም አልኩና ብርድ ልብስ ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት የሰው ኑሮ አልነበሩም። ለእማዬ ልነግራት አስብና፣ ከነገርኳት አባባ የማይሰሙ መሆናቸው ይወጣል። እትዬ ዘርፌ ይህን ካወቀች ደግሞ ድንኳኑን ትታ በዚህ ልትጀምራቸው ነው። ዝም ካልኩም እማዬና ሕፃኑ በጭስ ሊታፈኑ ነው። ቁልፉን ልሰርቅ አስቤ ሁለት ጊዜ አባባ ሲተኙ አጠገባቸው ደርሻለሁ፤ አንገታቸውን ሳይነቁ መንካት አልተቻለም። በመጨረሻ ያለኝ አማራጭ ልጁ እስከ ጥቅምት እንዲቆይልኝ መለመን ብቻ ሆነ። ለመንኩ።

አልቆየም። ሐምሌ መጨረሻ ላይ አንድ ቅዳሜ ጧት፣ አባዬ ፈረቃ በገባበት፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየቀጠቀጠ እማዬን ምጥ ያዛት። እትዬ ዘርፌ ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ሰብስባ፣ ጭቃውን እየረገጠች ሁለት ሴቶች አስከትላ መጣች። ከበርሜል የተቆረጠውን ምድጃ አየችና ወገቧን ያዘች።

«ጋሽ ወርቁ፣ ድንኳኑን ላስመጣ ወይስ ዘንድሮ እናያለን?»

አባባ የከንፈሯን ነገር ያወቁት ይመስለኛል፤ ሦስት ዓመት ሲያዩት የኖሩት ቃል ነው። ደረታቸውን ነፍተው ቁልፉን ከአንገታቸው አወጡና ወደ ማገዶ ቤቱ ሄዱ። እኔ በዝናቡ ተከትዬ ሮጥኩ።

በሩን ከፍተው ከፊት ያለውን ፍልጥ ክንዳቸው ላይ መደርደር ጀመሩ። ከፊት ያለው ደግሞ በመጨረሻ የገባው ነው። በመጨረሻ የገባው በሙሉ የእኔ ውሸት ነው። ጋቢያቸውን ያዝኩ።

«አባባ፣ ይሄን አይውሰዱ» አልኩ በሹክሹክታ።

ዝቅ ብለው አዩኝ። «ምን?»

«እርጥብ ነው።»

«ምን አልሽ? ቶሎ በይ፣ እናትሽ እየጠበቀች ነው።»

«እርጥብ ነው!»

ዝናቡ በላያችን ቆርቆሮውን እየደበደበ ጆሮ ያለው ሰው እንኳ የሚሰማበት አልነበረም። እሳቸው ራሳቸውን ነቅንቀው ሊወጡ ተነሡ። በሩ ላይ ቆምኩባቸው፣ አየር ሳብኩና ያለኝን ድምፅ በሙሉ ለቀቅሁት።

«ዋሽቼዎታለሁ! ዱብ ያለውን ሁሉ ቋ ብያለሁ! እርስዎ ጆሮዎ እንደማይሰማ አላወቅሁም ነበር!»

የሐምሌ ዝናብ እንደዚህ ነው፤ የሚያቆምበትን ጊዜ አያማክርም። ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ቀጥ አለ። ሦስተኛው ግቢውን ሞላው። ከሁለቱ ሴቶች ድስት የያዘችው በቆመችበት ቀረች። ከአጥሩ በላይ የአስቴር እናት ጭንቅላት ብቅ አለ። እትዬ ዘርፌ በቤቱ የጓሮ በር ላይ እጇን በእርጥብ ጨርቅ እየጠረገች ታየናለች።

አባባ እኔን ተዉኝና የሰዎቹን ፊት አንድ በአንድ አዩ። የሰማ ሰው ፊት ምን እንደሚመስል ከእሳቸው የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም። ክንዳቸው ላይ ካለው ፍልጥ አንዱ በጀርባዬ ላይ እንደሚያርፍ አልተጠራጠርኩም። ይገባኝም ነበር።

«ኑዛዜው ይቆየንና ደረቅ እንጨት አምጡ!» አለች እትዬ ዘርፌ። «ልጁ እናንተን ሊጠብቅ ነው?»

የድንኳኑን ነገር አላነሳችም። እስከ ዛሬ አከብራታለሁ።

አባባ የተሸከሙትን መሬት ላይ አፈሰሱትና ደፉ ላይ ተቀመጡ። ሁለት ፍልጥ አነሡ፣ አጋጩ። ከዚያ ያ ሁሉ ሰው እያየ አንገታቸውን ወደ እኔ አሰገጉ።

«ምን አለ?»

«ዱብ» አልኩ።

ወደ ጭቃው ወረወሩት። «ይሄስ?»

«ዱብ።»

«ይሄስ?»

«ቋ።»

ጎሽ አላሉኝም። ቋ ያለውን ለሴትዮዋ አቀበሏት። ወደ ውስጥ በገባን ቁጥር ሐቁ ይበረክት ጀመር፤ በሁለቱ የመጀመሪያ ቀኖች የገባው ከኋላ ነበር፣ ሁሉም ጥርት አድርጎ ቋ ይላል። የበርሜሉ ምድጃ ሞልቶ ሲነድ በመስኮቱ የወጣ ጭስ አልነበረም። የወጣው ሙቀት ነው፤ መስታወቱ ላይ ላብ ሠራ።

ከዚያ በኋላ ለእኛ የሚሆን ሥራ ስላልነበረ ማገዶ ቤቱ በር ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን።

«ለምን ዋሸሽኝ?»

ከንፈሬን እንዲያዩ ወደ እሳቸው ዞሬ «ሰኞ ማክሰኞ ልጫወት ብዬ» አልኳቸው።

«እኔም እኮ አንቺን ዋሽቼሻለሁ» አሉ። «መጋዘኑ ውስጥ መጋዙ ሲጮህ ይውላል። ጆሮዬ መሄዱን ካወቁ ያባርሩኛል ብዬ የምሰማ መሰልኩ። ጡረታ ወጥቼም መተው አቃተኝ። አፍሬ ነው።»

እጃቸውን ያዝኩ። እጃቸው በፍልጥ ስንጥር ሙሉ ነበር፣ እንደ እኔው።

ከቤት ውስጥ እልልታ ተነሣ። እኔ ብድግ ስል አይተው ክንዴን ያዙኝ።

«ምንድን ነው?»

«እልልታ!»

«ስንት ነው? ቁጠሪልኝ!»

በእኛ ሰፈር ለወንድ ሰባት፣ ለሴት ሦስት ነው። አባባ ወንድ ነበር የፈለጉት። ለማንም ሳይናገሩ ለእኔ ብቻ ስሙን ሳይቀር ነግረውኛል፣ የሟች ወንድማቸውን ስም። አንድ። ሁለት። ሦስት። አራተኛውን ጠበቅሁ። ለእሳቸው ስል በጣም ጠበቅሁ። አልመጣም። ዓይናቸው ፊቴ ላይ ነው፤ ሰባት ብላቸው ለጥቂት ደቂቃ እንኳ ደስ ይላቸው ነበር።

«ሦስት» አልኳቸው።

አባባ ተነሡ፣ ጋቢያቸውን አስተካከሉና ወደ አጥሩ ሄደው ለአስቴር እናት፣ ለላይ ሰፈር፣ ለሰማ ሁሉ በሙሉ ድምፃቸው «ሴት ናት!» አሉ። ከቤት የወጣ ሰው ገና አልነበረም። ሌላ ማንንም አልጠየቁም።